በሮም የትምህርት ቤት ምክር ቤት አባል ዳግም ለመመረጥ የሚከተላቸው ደረጃዎች

ልጆቻቸውን በሮም የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከሚያስተምሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች መካከል ለትምህርት ቤቱ ምክር ቤት፣ በጣሊያኖቹ አጠራር «ኮንሲሊዮ ዲ ኢስቲቱቶ» ለሚባለው አካል፣ ተመርጠው ሦስት ዓመት ያገለገሉ ሰዎች የሥራ ዘመናቸው ሲያልቅ ተመሳሳይ ጥያቄዎች ይገጥሟቸዋል። እንደገና ለመወዳደር ከየት መጀመር ይገባል? የትኛው ወረቀት በየትኛው ቀን ይቀርባል? ስላለፈው አገልግሎትስ ለመራጩ ወላጅ ምን መልስ ይሰጣል? ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ይህን ወንበር ይዞ ለቆየና ዳግም ለመወዳደር ለሚያስብ አንባቢ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወዳደር ወላጅም አብዛኛውን ክፍል ሊጠቀምበት ይችላል።

ወንበሩን ያለ በቂ ዝግጅት ማጣት ቀላል ጉዳት አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት አባል ያልሆነ አገር ዜጋ በሮም ከተማ ምክር ቤት ምርጫ ድምፅ መስጠት አይችልም፤ በትምህርት ቤቱ ምክር ቤት ምርጫ ግን የሚጠየቀው ዜግነት ሳይሆን ወላጅነት ስለሆነ፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘች እናት ሮም ከተወለደ ጎረቤቷ ጋር እኩል ትመርጣለች፣ እኩልም ትመረጣለች። ምክር ቤቱ የትምህርት ቤቱን ዓመታዊ በጀት፣ የውስጥ ደንቡን፣ መምህራን የሚያዘጋጁትን የሦስት ዓመት የትምህርት ዕቅድ (ፒቶፍ የሚባለውን)፣ ቦታ ሲጠብ ለተማሪዎች ምዝገባ ቅድሚያ የሚሰጥበትን መስፈርት፣ እንዲሁም ከወላጆች የሚጠየቀውን የፈቃደኝነት መዋጮ የሚወስን አካል ነው። ከ500 በላይ ተማሪዎች ባሉት ትምህርት ቤት 19 አባላት ሲኖሩት፣ ከእነዚህ 8ቱ ወላጆች፣ 8ቱ መምህራን፣ 2ቱ የአስተዳደርና የድጋፍ ሠራተኞች፣ አንዱ ርእሰ መምህሩ ናቸው፤ እስከ 500 ተማሪዎች ባሉት ደግሞ አባላቱ 14፣ ወላጆቹ 6 ይሆናሉ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የወላጆቹ ወንበር ከተማሪዎች ጋር ስለሚከፈል ወደ 4 ወይም ወደ 3 ዝቅ ይላል። ሊቀ መንበሩ የሚመረጠው ከወላጆች መካከል ብቻ ሲሆን፣ አገልግሎቱ ክፍያ የለውም።

ይህን ምርጫ በየዓመቱ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ከሚካሄደው የክፍል ተወካይ ምርጫ ጋር ማምታታት የተለመደ ስሕተት ነው። የክፍል ተወካይ የሚመረጠው በወላጆች ስብሰባ ላይ ያለ እጩዎች ዝርዝር ነው፤ የምክር ቤቱ ምርጫ ግን በየሦስት ዓመቱ፣ በድምፅ መስጫ ወረቀት፣ ቀነ ገደብ ባላቸው ሰነዶች ይከናወናል። በአገር ቤት የሚታወቀው የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት በተግባሩ ቢቀርበውም፣ የጣሊያኑ አካል አሠራር በሕግ የተተበተበ በመሆኑ በጎ ፈቃድና የሰፈር ተሰሚነት ብቻውን አይበቃም።

1. ብቁነትንና የቀሪውን ጊዜ ስሌት ማረጋገጥ

ሕጉ የድጋሚ ምርጫ ገደብ ስለማያስቀምጥ፣ ያገለገለ አባል እንደገና ከመወዳደር የሚያግደው ነገር የለም። የመጀመሪያው ጥያቄ የልጁ ክፍል ነው፤ ምክንያቱም የወላጅ አባልነት የሚቆየው ልጁ በዚያው ትምህርት ቤት እስከተመዘገበ ድረስ ብቻ ነው። መዋዕለ ሕፃናትን፣ አምስት ዓመት የሚፈጀውን አንደኛ ደረጃና ሦስት ዓመት የሚፈጀውን መካከለኛ ደረጃ በአንድ አስተዳደር ሥር በሚይዘው «ኢስቲቱቶ ኮምፕረንሲቮ» ውስጥ ልጁ የመካከለኛ ደረጃ የመጨረሻ ዓመት ላይ ከሆነ፣ በኖቬምበር የተመረጠ ወላጅ በሚቀጥለው በጋ ልጁ ትምህርት ቤቱን ሲለቅ ወንበሩን ያጣል፤ በምትኩም እሱ ከተወዳደረበት የእጩዎች ዝርዝር ሳይመረጥ የቀረው ቀጣዩ እጩ ይገባል። በዚያው ትምህርት ቤት የሚማር ታናሽ ልጅ ካለ አባልነቱ ይቀጥላል። ታናሽ ከሌለ ግን አባሉ ራሱ ከመወዳደር ይልቅ ልምዱን ለሌላ ወላጅ አስተላልፎ ያን እጩ ቢደግፍ ይሻላል፤ ለጥቂት ወራት የሚቆይ ሰው መሆኑን ሳይገልጽ ድምፅ መጠየቅ መራጩን ማሳሳት ይሆናል።

በዚሁ ደረጃ መታየት ያለበት ሌላው ነገር መቅረት ነው። በቂ ምክንያት ሳያቀርብ በተከታታይ ከሦስት ስብሰባዎች የቀረ አባል ከወንበሩ እንዲወርድ ሕጉ ያዛል፤ እስከዚያ ባይደርስም፣ ደጋግሞ የቀረ ሰው ስለ መቅረቱ መጠየቁ ስለማይቀር መልሱን አስቀድሞ ማዘጋጀት አለበት። ትምህርት ቤቱ ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር ተዋሕዶ ከሆነ ደግሞ አዲስ ምክር ቤት ስለሚመረጥ፣ ቀድሞ የተቆጠረው የሦስት ዓመት ዘመን እንደተጠበቀ መገመት አይገባም። የምርጫውን ቀን የሚወስነው የላትሲዮ ክልል የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሲሆን፣ ርእሰ መምህሩ በኤሌክትሮኒክ መዝገቡና በትምህርት ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ያሳውቃል። አብዛኛውን ጊዜ ምርጫው በኖቬምበር እሑድና ሰኞ ይውላል።

2. ያለፈውን ሥራ ከቃለ ጉባኤ አውጥቶ መጻፍ

ዳግም የሚወዳደር ሰው ከአዲስ እጩ የሚለየው የሚመሰክርለት ወይም የሚመሰክርበት ሰነድ ስላለው ነው፤ ስለዚህ ከማናቸውም ቅስቀሳ በፊት የሦስት ዓመቱን ቃለ ጉባኤዎችና ውሳኔዎች ሰብስቦ ማንበብ አለበት። «ዴሊቤራ» የሚባለው እያንዳንዱ ውሳኔ ቁጥርና ቀን ያለው ሲሆን በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። አባሉ በየውሳኔው ላይ ምን ሐሳብ እንዳቀረበ፣ ደግፎ ወይም ተቃውሞ ድምፅ እንደሰጠ፣ ውሳኔው ከተላለፈ በኋላ ተግባራዊ መሆን አለመሆኑን በሦስት ዓምድ ቢጽፍ፣ ለራሱም ለመራጩም ግልጽ የሆነ ሒሳብ ያገኛል። ከዚህ ውስጥ ለሕዝብ የሚቀርበው ከአንድ ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ገጹም በጣሊያንኛና በአማርኛ፣ የኤርትራ ወላጆች ባሉበት ትምህርት ቤት በትግርኛም ጭምር ቢዘጋጅ ተገቢ ነው።

በዚህ ገጽ ላይ ሁለት ስሕተቶች ተደጋግመው ይታያሉ። አንደኛው 19 ሰው የወሰነውን ነገር የአንድ ሰው ሥራ አድርጎ ማቅረብ ሲሆን፣ ሌሎቹ ወላጆችና መምህራን ይህን ወዲያው ስለሚያውቁ የእጩውን ተአማኒነት ይጎዳል። «ጣሊያንኛ ለአዲስ መጤ ልጆች የሚሰጥበት ሰዓት በዕቅዱ እንዲካተት ሐሳብ ቀርቦ ምክር ቤቱ ተቀብሎታል» ማለት፣ ብቻውን እንዳስገኘው ከመናገር የበለጠ ክብር ያስገኛል። ሁለተኛው ስሕተት ምክር ቤቱ የማይወስነውን ነገር ቃል መግባት ነው። የአንደኛና የመካከለኛ ደረጃ ሕንጻዎች ጥገና የሮም ከተማ አስተዳደርና የክፍለ ከተሞቹ (ሙኒቺፒዮ የሚባሉት በቁጥር 15 ናቸው) ኃላፊነት ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ ሕንጻ የሚጠገነው በሮም ሜትሮፖሊታን ከተማ አስተዳደር ነው፤ የልጆቹ የምሳ አገልግሎትም የከተማው ጉዳይ ነው። የመምህር ምደባና የልጅ ውጤትም ከምክር ቤቱ ሥልጣን ውጭ ናቸው። ማሞቂያው እንዲሠራ የሚፈልግ እጩ በሐቅ ሊል የሚችለው ምክር ቤቱ ለሙኒቺፒዮው በጽሑፍ እንዲያመለክት እንደሚያደርግና መልሱን ለወላጆች እንደሚያሳውቅ ብቻ ነው።

ገንዘብን በተመለከተ ግልጽነቱ ከፍ ማለት አለበት። በምዝገባ ወቅት የሚጠየቀው መዋጮ የፈቃደኝነት መሆኑን ብዙ ስደተኛ ወላጆች ስለማያውቁ፣ ያልከፈሉ እንደሆነ ልጃቸው የሚባረር እየመሰላቸው ከአነስተኛ ገቢያቸው ቆርጠው ይከፍላሉ። ምክር ቤት ውስጥ የነበረ ሰው መጠኑ እንዴት እንደተወሰነና ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ ያውቃል፤ ይህን በቀላል ቋንቋ ማስረዳት ከማናቸውም ተስፋ የላቀ የምርጫ ንግግር ነው። የግለሰብ ተማሪን፣ መምህርን ወይም ቤተሰብን ጉዳይ የያዘ ውይይት ግን በምንም መንገድ ወደ ቅስቀሳ መግባት የለበትም።

3. የመራጮችን ዝርዝርና የስም አጻጻፍን መመርመር

ለኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ደረጃ ይህ ነው፤ የሚዘለለውም ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። የመምረጥ መብት ያላቸው እናትም አባትም ናቸው፤ ሕጋዊ አሳዳጊም በወላጅ ምትክ ይመርጣል። ነገር ግን የመራጮች ዝርዝር የሚወጣው በምዝገባ ጊዜ ለትምህርት ቤቱ ከተሰጠው መረጃ ስለሆነ፣ ቅጹን አንዱ ወላጅ ብቻ ሞልቶት ከሆነ የሌላው ስም ላይኖር ይችላል። በእኛ ልማድ እናት፣ አባትና ልጅ አንድ የቤተሰብ ስም አይጋሩም፤ የአባት ወይም የአያት ስም በጣሊያን ሰነድ ላይ እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚጻፍ፣ እናቲቱ ከልጇ የተለየ ስም ትይዛለች፤ በዚህ ላይ ፓስፖርቱ፣ የመኖሪያ ፈቃዱና የታክስ መለያ ቁጥሩ አንድን ስም በተለያየ ፊደል ጽፈውት ይገኛሉ። በድምፅ መስጫው ጣቢያ ያለው ተቆጣጣሪ ይህን ልማድ ላያውቅ ይችላልና፣ ችግሩ በምርጫው ቀን ሳይሆን ቀድሞ መፈታት አለበት።

ዝርዝሩ ከምርጫው በፊት ባለው 25ኛ ቀን ገደማ በትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ለእይታ ይቀመጣል፤ ስሕተት ያገኘ ሰው በ5 ቀናት ውስጥ ለምርጫ ኮሚሽኑ ያመለክታል። ኮሚሽኑ እስከ መካከለኛ ደረጃ ባሉት ትምህርት ቤቶች ሁለት መምህራን፣ ሁለት ወላጆችና አንድ የአስተዳደር ሠራተኛ ያሉበት የአምስት ሰዎች አካል ነው። እጩው የሚያውቃቸውን ቤተሰቦች ከሴፕቴምበር ጀምሮ «የሁለታችሁም ስም መዝገቡ ላይ አለ ወይ» ብሎ ቢጠይቅና ጎድሎ ሲገኝ መታወቂያ ይዘው ወደ ጽሕፈት ቤቱ እንዲሄዱ ቢያደርግ፣ ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለልጆቹም ይጠቅማል፤ የመዝገብ ጉድለት ልጅን ከትምህርት ቤት በመረከብ ጊዜም ችግር ይፈጥራልና።

የእጩው የራሱ ስምም ትኩረት ይፈልጋል። ወላጆች በመጠሪያ ስሙ የሚያውቁት ሰው በድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ በአያቱ ስም ሊጻፍ ስለሚችል፣ በጣሊያን ሰነዱ ያለውን አጻጻፍ ልክ በወረቀቱ ላይ እንደሚወጣው አድርጎ ለመራጮቹ አስቀድሞ ማሳየት አለበት።

4. የእጩዎችን ዝርዝር ከሌሎች ጋር ማዋቀር

ውድድሩ በእጩዎች ዝርዝር ነው፤ በወረቀቱ ላይ እያንዳንዱ ዝርዝር እንደ አቀራረቡ ቅደም ተከተል በሮማውያን ቁጥርና አቅራቢዎቹ በመረጡት አጭር መፈክር ይለያል። አንድ ዝርዝር ከሚመረጡት ቁጥር እስከ እጥፍ፣ ማለትም 8 ወንበር ባለበት እስከ 16 እጩ ሊይዝ ይችላል። ወንበሮቹ የሚከፋፈሉት የየዝርዝሩን ድምፅ ለ1፣ ለ2፣ ለ3 እና ከዚያም በላይ እያካፈሉ ትልልቆቹን ውጤቶች በመምረጥ ነው። ለምሳሌ 8 ወንበር ባለበት ሦስት ዝርዝሮች 120፣ 60 እና 30 ድምፅ ቢያገኙ፣ የመጀመሪያው 5፣ ሁለተኛው 2፣ ሦስተኛው 1 ወንበር ይወስዳሉ። በዝርዝሩ ውስጥ ደግሞ ወንበሩን የሚያገኘው ብዙ የግል ምርጫ ድምፅ የተሰጠው እጩ ነው፤ የስም ተራ ሚና የሚኖረው ድምፅ እኩል ሲሆን ብቻ ነው።

ከዚህ ስሌት የሚወጣው ምክር ግልጽ ነው። የአንድ ማኅበረሰብ ሰዎች ብቻቸውን የሚያቀርቡት ዝርዝር ደካማ ነው፤ የተሻለው መንገድ የሰፈሩን ወላጆች ሁሉ የሚወክል ዝርዝር ማዘጋጀት ነው። የቻይና ቤተሰቦች በብዛት በሚኖሩበት በኤስኩዊሊኖ፣ የባንግላዴሽ ቤተሰቦች በበዙበት በቶርፒኛታራም ሰፈሮቹ ራሳቸው የተቀላቀሉ ናቸው። የኤስኩዊሊኖው የዲ ዶናቶ ትምህርት ቤት የወላጆች ማኅበር፣ የተለያየ አገር ቤተሰቦች አንድ ላይ ሆነው ግቢውን ከትምህርት ሰዓት ውጭም ሕይወት እንዲኖረው ሲያደርጉ ምን ያህል እንደሚሠሩ ያሳየ ነው። እንዲህ ያለ ማኅበር ባለበት እጩው ግንኙነቱን ማጠናከር አለበት፤ ማኅበሩና ዝርዝሩ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ የማኅበሩን ስም ያለ ፈቃድ መጠቀም አይገባም። ተባባሪ እጩዎችን ሲመርጥም ከመዋዕለ ሕፃናት፣ ከአንደኛ ደረጃና ከመካከለኛው እንዲሁም ትምህርት ቤቱ ብዙ ሕንጻ ካለው ከየሕንጻው አንድ ሰው መኖሩን ያረጋግጥ፤ ወላጅ በአብዛኛው የሚመርጠው በር ላይ የሚያገኘውን ሰው ነውና።

5. ፊርማና ሰነድ ማስገባት

ዝርዝሩ ከምርጫው በፊት ካለው 20ኛ ቀን ጠዋት 9 ሰዓት ጀምሮ እስከ 15ኛው ቀን ቀትር 12 ሰዓት ድረስ መግባት አለበት፤ ሰዓቱ በጣሊያን አቆጣጠር ነው። ምርጫው እሑድ ኖቬምበር 24 ላይ ቢውል መስኮቱ ከኖቬምበር 4 እስከ ኖቬምበር 9 ይሆናል። በመቶዎች የሚቆጠሩ መራጭ ወላጆች ባሉበት ትልቅ ትምህርት ቤት ቢያንስ 20 አቅራቢዎች መፈረም አለባቸው። እያንዳንዱ እጩ ደግሞ መቀበሉንና በሌላ ዝርዝር አለመግባቱን የሚገልጽ ወረቀት ይፈርማል፤ ስሙ፣ የትውልድ ቦታውና ቀኑም በተራ ቁጥር ይጻፋል።

ብዙ ዝርዝሮች የሚሰናከሉት በሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው እጩ ራሱ ከአቅራቢዎቹ አንዱ ሆኖ መፈረሙ ነው፤ ይህ የተከለከለ በመሆኑ አቅራቢዎቹ ከእጩዎቹ የተለዩ ሰዎች መሆን አለባቸው፤ አንድ መራጭም ከአንድ በላይ ዝርዝር ማቅረብ አይችልም። ሁለተኛው የፊርማ ማረጋገጫ ነው፤ ፊርማው በርእሰ መምህሩ ወይም በወከለው ሰው ፊት መረጋገጥ ስላለበት፣ ፈራሚዎቹ መታወቂያቸውን ይዘው ጽሕፈት ቤቱ ክፍት በሆነበት ሰዓት መቅረብ ይኖርባቸዋል። ቤት ውስጥ ተቀጥራ የምትሠራ እናት ወይም በሌሊት ፈረቃ የሚሠራ አባት ለዚህ ፈቃድ መጠየቅ ስላለበት፣ የጽሕፈት ቤቱን ሰዓት አስቀድሞ ጠይቆ ሰዎቹን በቡድን ማስመጣት፣ ከ20 ይልቅ 25 ወይም 30 ፊርማ ማሰባሰብ፣ ወረቀቱንም በመጨረሻው ቀን ሳይሆን በመጀመሪያው ማስገባት ይገባል። ቀድሞ የገባ ዝርዝር ጉድለት ቢገኝበት ለማስተካከል ጊዜ ያገኛል፤ በመጨረሻው ሰዓት የገባ ግን ያለው ኮሚሽኑ የሚሰጠው የ3 ቀን ዕድል ብቻ ነው። አባሉ የምርጫ ኮሚሽን አባልም ከሆነ በዝርዝር ውስጥ እንደገባ በሌላ ሰው ይተካል፤ እጩ በድምፅ መስጫ ጣቢያ ተቆጣጣሪ ሊሆንም አይችልም። ዝርዝሩ ከቀረበ በኋላ እጩነትን መተው ስለማይፈቀድ፣ ያመነታ ሰው ከመፈረሙ በፊት ቁርጡን ማወቅ አለበት።

6. ቅስቀሳ

የቅስቀሳው ጊዜ ከምርጫው በፊት ካለው 18ኛ ቀን እስከ 2ኛው ቀን ነው። በትምህርት ቤቱ ውስጥ ስብሰባ ለማድረግ ጥያቄው እስከ 10ኛው ቀን ለርእሰ መምህሩ በጽሑፍ መቅረብ አለበት፤ ስብሰባው ሠራተኛ ወላጅ በሚገኝበት ምሽት ቢሆን ይመረጣል። የማስተርጎም እርዳታ እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ መንገርም ተገቢ ነው።

ነባር አባል በዚህ ወቅት የሚፈተንበት አንድ ነገር አለ፤ በአባልነቱ ያገኘውን ስልክና ኢሜይል ለቅስቀሳ መጠቀም አይችልም። የወላጆችን አድራሻ የያዘ ዝርዝር ለትምህርት ቤቱ ሥራ የተሰበሰበ የግል መረጃ ስለሆነ፣ ያለ ባለቤቶቹ ፈቃድ ለሌላ ዓላማ ማዋል የአውሮፓን የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ይጥሳል። የክፍል ዋትስአፕ ቡድንም በአባላቱ ስምምነት እንጂ በእጩው ፈቃድ ብቻ የቅስቀሳ ሜዳ መሆን የለበትም። የአንዲት እናትን ጥያቄ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ መስማት ከመቶ መልእክት ይበልጣል። በቤተ ክርስቲያን ግቢ ማስተዋወቅን በተመለከተ፣ ምርጫ መኖሩንና ሰዓቱን ማሳወቅ ለሁሉ ይጠቅማል፤ አንድን ዝርዝር ከዐውደ ምሕረት ማስተዋወቅ ግን ምእመናንን መከፋፈል ስለሆነ መቅረት አለበት።

7. የምርጫው ቀናት

ድምፅ የሚሰጠው እሑድ ከጠዋቱ 8 እስከ ቀትር 12፣ ሰኞ ከ8 እስከ 13፡30 ነው። እሑድ የቤት ሠራተኞች የዕረፍት ቀን ቢሆንም ሰዓቱ ከቅዳሴ ጋር ይጋጫል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ቤተሰብ ከቅዳሴ በፊት ወይም ሰኞ ልጁን ሲያደርስ እንደሚመርጥ አስቀድሞ ቢወስን ይበጃል። መራጩ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ይይዛል፤ ባይዝም ከጣቢያው አባላት አንዱ ወይም ሌላ መራጭ ሊያውቀውና ሊመሰክርለት ይችላል። በዚያው ትምህርት ቤት ከአንድ በላይ ልጅ ያለው ወላጅ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በታናሹ ልጅ ጣቢያ ይመርጣል፤ ልጆቹ በተለያዩ ትምህርት ቤቶች ከሆኑ ግን በየትምህርት ቤቱ ይመርጣል።

በወረቀቱ ላይ በዝርዝሩ የሮማውያን ቁጥር ላይ የመስቀል ምልክት ይደረጋል፤ 6 ወይም 8 የወላጅ ወንበር ባለበት ከዚያው ዝርዝር እስከ ሁለት እጩ ስም ጎን ምልክት ማድረግ ይፈቀዳል። አንድ ዝርዝር መርጦ ከሌላ ዝርዝር ሰው ስም ላይ ምልክት ያደረገ መራጭ የዝርዝሩ ድምፅ ቢቆጠርለትም ለግለሰቡ የሰጠው ይጠፋል። ባዶ ናሙና ወረቀት አስቀድሞ ማሳየት ይህን ስሕተት ይቀንሳል። የዝርዝሩ ተወካይ በቆጠራው ላይ ሊገኝ ስለሚችል፣ ጣሊያንኛ አጥርቶ የሚያነብ ሰው መወከል ተገቢ ነው።

8. ከቆጠራው በኋላ

ውጤቱ ምርጫው ባለቀ በ48 ሰዓት ውስጥ ይገለጻል፤ ቅሬታ ያለው ዝርዝር ወይም እጩ በ5 ቀናት ውስጥ ለምርጫ ኮሚሽኑ በጽሑፍ ያቀርባል። ያሸነፈ አባል ከመጀመሪያው ስብሰባ በፊት ሊቀ መንበርነትን ይፈልግ እንደሆነ ከሌሎቹ ወላጆች ጋር መነጋገር አለበት፤ የሊቀ መንበሩ ምርጫ በምስጢር ሲሆን በመጀመሪያው ዙር የአባላቱ ፍጹም አብላጫ ድምፅ፣ ያ ካልተገኘ በተከታዩ ዙር ከተሰጠው ድምፅ አንጻራዊ አብላጫ ይበቃል። በጀቱን ለምክር ቤቱ በሚያዘጋጀው አነስተኛ የሥራ አስፈጻሚ አካል ውስጥም (ጁንታ ኤሴኩቲቫ ይባላል) እስከ መካከለኛ ደረጃ ባሉት ትምህርት ቤቶች ሁለት የወላጅ ቦታ አለ፤ ገንዘቡን በቅርብ ማየት የሚሻ ሰው ይህን መጠየቅ አለበት። ያልተመረጠ ነባር አባል ደግሞ ከዝርዝሩ ቀጣይ ተተኪ መሆኑን በቁጥር ያረጋግጥና፣ በተራ ቁጥር 2 መሠረት ያዘጋጀውን ባለ ሦስት ዓምድ ሒሳብ፣ በተለይም ለሙኒቺፒዮው ተልከው መልስ ያልተገኘላቸውን ደብዳቤዎች ቀንና ቁጥር፣ ለአዲሶቹ የወላጅ አባላት ከመጀመሪያው ስብሰባ በፊት ያስረክብ።